ነዳጅ ሲጨምር ቀጠሮ አይቅር
በፓርላማ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ፊት ለፊት ከሞገቱት ጥቂት ተቃዋሚዎች አንዱ የአብኑ ዶክተር ደሳለኝ ጫኔ ናቸው። ስለ ታክስና ነዳጅ ሲሟገቱ የሰበታን፣ የቡራዩንና የሱሉልታን አዛውንቶች ቢያስታውሱልኝ ደስ ይለኛል።

በ2017 ቤንዚን በሊትር ከ91 ብር ከ14 ሳንቲም ወደ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። በሐምሌ ደግሞ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ ደግ ነው። ደመወዝ የሌላት አያትስ አዲስ አበባ ለሐኪም ቀጠሮ በምን ትሳፈር? አንዳንዷ የታክሲ ስታጣ ቀጠሮውን ትተዋለች፤ የደም ግፊት ክኒኗንም ለማብቃቃት አንድ ቀን እየዘለለች ትውጣለች። ይህ ለስትሮክ ይዳርጋል! ልጆች፣ አደራ፤ ክትትሉ በቅርብ ጤና ጣቢያ ይሆን እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁላቸው።