ሕጉ ሆድ እንጂ ጡት አያይም

አዳማ ላይ ጤና ጣቢያ የሄደች እናት እስከ 6 ወር ከጡት ሌላ ውሃም እንዳትሰጪው ትባላለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከወለደች 90 ቀን ሲሞላት ወደ ሥራሽ ይላታል። የቀረውን 3 ወር ማን ያጥባ? ጎረቤት?

ያው አዋጅ እርጉዝን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ይከለክላል። ጥሩ። ከወለደች በኋላ ግን የሌሊት ፈረቃ ቢደርሳት የሚያስጥላት አንቀጽ የለም፤ ስለ ማጥቢያ እረፍትም ትንፍሽ አይልም። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 እንኳ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ያዝዝ ነበር (ስንቱ አዘጋጀ? እሱ ሌላ ጣጣ ነው)። አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋዋስ ልጅ የማን ልጅ ነው?

"አልበሽ ትተሽለት ሂጂ" የሚሉ አሉ። እሺ፣ ፈረቃ ላይ ስትሆንስ የት ትለብ? መጸዳጃ ቤት? በአዳማ ሙቀት ያለ ፍሪጅ ወተቱ እስከ መውጫ ሰዓት ሊቆይላት? ጡት እንደሆነ የአለቃ ፈቃድ አይጠብቅም፤ ሞልቶ ያማል፣ ልብስ ያርሳል፣ ካልተጠባም ቀስ በቀስ ይደርቃል። ከዚያ የጣሳ ወተት፣ በስፌት ደሞዝ!

"ባለሀብት ይሸሻል" አትበሉን። በፈረቃ ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ መጋረጃ ያለው ክፍል፣ አንድ ፍሪጅ፣ እስከ 6 ወር ደግሞ ከሌሊት ፈረቃ ነፃ መሆን። ይኼው ነው ጥያቄው።