የመጀመሪያው ፕሮግራማችን እንቅፋት ይኑረው

የፕሮግራሚንግ ትምህርት ሲጀመር የተለመደው መልመጃ ሁለት ቁጥሮች ደምሮ ውጤቱን ስክሪን ላይ ማሳየት ነው። ድምሩን ግን ካልኩሌተርም ይነግረናል። ኮዱ ሠራም አልሠራም ልብ አያሞቅም፤ ስለዚህ ብዙ ተማሪ ከሲኒየር ፍላሽ ገልብጦ ያስረክባል፣ ለፈተና ይሸመድዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

እንደኔ አስተያየት የአንደኛ ዓመት ተማሪ የመጀመሪያ የላብ ሥራ በሮብሎክስ ስቱዲዮ የሚሠራ «ኦቢ» ቢሆን ይሻላል። ኦቢ ማለት ተጫዋቹ ከመነሻ እስከ መድረሻ እየዘለለ እንቅፋት የሚያልፍበት ጨዋታ ነው። ስቱዲዮው በነጻ ይገኛል። ቋንቋው ሉአው ይባላል፤ መሠረቱም በ1993 እ.ኤ.አ. ብራዚል ውስጥ የተፈጠረው ሉዋ ነው።

ታዲያ ምን ያስተምራል? መርገጫውን «አንከርድ» ካላደረጋችሁት ጨዋታው ሲጀምር ቁልቁል ይወድቃል፤ ስህተቱን መምህር ሳይነግራችሁ ዓይናችሁ ያየዋል። ቀዩ ጡብ የነካውን ሁሉ ይግደል ካላችሁ ደግሞ «ተችድ» የሚባለው ኢቨንት የሚሰጣችሁ ተጫዋቹን ሳይሆን ጡቡን የነካውን እግር ነው። ከእግሩ ተነስታችሁ ባለቤቱን መፈለግ፣ «ሂዩማኖይድ» እንዳለውም በ«ኢፍ» መጠየቅ አለባችሁ። ኮንዲሽን ምን እንደሚሠራ ያኔ ይገባል።

ፊዚክስም አለበት። ካልቀየራችሁት በስተቀር የተጫዋቹ ፍጥነት በሰከንድ 16 ስተድ (የመድረኩ የርዝመት መለኪያ ነው)፣ የዝላዩ ከፍታ 7.2፣ ግራቪቲው 196.2 ነው። ሲሰላ አየር ላይ 0.54 ሰከንድ ያህል ይቆያል፣ 8.7 ስተድ ገደማም ይጓዛል። ክፍተቱን 20 ያደረገ ተማሪ ማንም የማያልፈው ጨዋታ ሠራ ማለት ነው።

«ይሄ የልጆች ጨዋታ ነው» የሚሉ አይጠፉም። ኮምፒዩተሩስ፣ ኢንተርኔቱስ የሚሉት ግን እውነት አላቸው። ስቱዲዮው በስልክ አይሠራም፤ ዊንዶውስ ወይም ማክ ይፈልጋል። ቢሆንም ለሦስት አንድ ማሽን መጋራት ይቻላል። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ቱልቦክሱ ውስጥ ሰው ሠርቶ ያስቀመጠው ሞልቷል፤ አንዳንዱም ተንኮለኛ ስክሪፕት ደብቆ ይመጣል። እሱን ከፈቀድን ተመልሰን ፍላሽ ግልበጣ ውስጥ ገባን ማለት ነው። ስለዚህ ደንቡ አንድ ይሁን፦ አምስት ደረጃ ብቻ፣ ነገር ግን እያንዳንዱን መስመር ሠሪው ራሱ የሚያስረዳው።

መምህሮቻችን በሚቀጥለው ሴሚስተር በአንድ ሴክሽን ቢሞክሩት ምን ይጎዳል? የሠራነውን ጨዋታ ጓደኛችን ሲጫወተው፣ የት ላይ እንደሚወድቅ ቆሞ ማየት ከማርክ በላይ ያስተምራል። የማትስማሙ ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉና እንወያይ።