የቧንቧ ውኃ ከቆጣሪው ወዲህ

ንጹሕ ውኃ ለሰው ልጅ ጤና ያለውን ጥቅም እንደ አዲስ ነገር መዘርዘር አንባቢን ማሰልቸት ይሆናል። የከተማ ነዋሪ ሁሉ የቧንቧ ውኃ ከወንዝና ካልተከደነ ጉድጓድ ውኃ የተሻለ መሆኑን ከተረዳው ቆይቷል፤ ቧንቧ ወደ ግቢው ለማስገባትም ገንዘቡንና ድካሙን አይሰስትም። ነገር ግን ቧንቧው ከገባና ቆጣሪው ከተተከለ በኋላ የንጽሕናው ጉዳይ የተፈጸመ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ይህ አሳብ አደገኛ ነው። ከግድቡ እስከ ቆጣሪው ያለው ረዥም መንገድ የውኃ አገልግሎቱ አደራ ሲሆን፣ ከቆጣሪው እስከ ብርጭቆው ያለው አጭር መንገድ ግን የባለቤቱ አደራ ነው። በሽታ ደግሞ የመንገዱን ርዝመት አይቶ አይገባም።

የመጀመሪያው አደራ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለመረዳት የጀርመንን የሐምቡርግ ከተማ ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1892 ሐምቡርግ የኤልባን ወንዝ ውኃ ሳታጣራ ለሕዝቧ ታከፋፍል ነበር። ጎረቤቷ አልቶና ግን ከዚያው ወንዝ፣ ያውም የሐምቡርግ ፍሳሽ ከተቀላቀለበት ከታችኛው ወገን እየቀዳች፣ በአሸዋ አጣርታ ታድል ነበር። በዚያ ዓመት ኮሌራ በተነሣ ጊዜ በሐምቡርግ ከ8,000 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ የሁለቱ ከተሞች ቤቶች የተያያዙ ሆነው ሳለ አልቶና በአብዛኛው ዳነች። ሮበርት ኮኽም ይህን አይቶ ለዓለም መሰከረ። የማጣራት ጥቅም ከዚያ ወዲህ የሚያከራክር ነገር አልሆነም።

በአገራችንም ይኸው ሥራ ይሠራል። የአዲስ አበባን ከተማ ብንመለከት፣ የገፈርሳ፣ የለገዳዲና የድሬ ግድቦች፣ እንደዚሁም የአቃቂ ጉድጓዶች ውኃ ያቀርባሉ። የግድቡ ውኃ አስቀድሞ መድኃኒት ተጨምሮበት ጭቃው ይዘቅጣል፤ ቀጥሎ በአሸዋ ይጣራል፤ በመጨረሻም ክሎሪን ይደረግበታል። ክሎሪኑ የሚጨመረው በዚያው ሰዓት ያለውን ተሕዋስ ለመግደል ብቻ አይደለም። ጥቂቱ ተርፎ ከውኃው ጋር እስከ ቤታችን ድረስ በመጓዝ ዘብ እንዲሆነን ነው። በቧንቧው አፍ ላይ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም የሚሆን ክሎሪን ቢገኝ ዘቡ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ጥቂት የክሎሪን ሽታ ያለውን ውኃ የሚያማርር ሰው ጠባቂውን እንደሚያማርር ይወቅ።

ውኃው ሁለተኛ ዘብም አለው፤ እርሱም ግፊት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ሥር ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ባስገባ ጊዜ፣ ውኃ ቁልቁል ወርዶ መልሶ ሽቅብ መውጣቱ ሕዝቡን እጅግ አስደንቆት ነበር። ምሥጢሩ ግን ቀላል ነው። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውኃ ወደ ተነሣበት ከፍታ ለመመለስ ይገፋል። የከተማ ውኃ ማጠራቀሚያዎች በኮረብታና በማማ ላይ የሚሠሩትም ስለዚህ ነው። ውኃው በ10 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ በአንድ ባር ያህል ይጨምራል። 3 ሜትር በሆነ ማማ ላይ የተቀመጠ የቤት ታንከር በማማው ሥር ላለው ቧንቧ ከ0.3 ባር ብዙ የማይበልጥ ግፊት ብቻ የሚሰጠው፣ መታጠቢያውም ውኃን እንደ እንባ የሚያንጠባጥበው ከዚህ የተነሣ ነው።

የግፊት ጥቅም ግን ውኃን ወደ ፎቅ ማውጣት ብቻ አይደለም። ከመሬት በታች የተቀበረ ቧንቧ ሁሉ በየመገጣጠሚያው ጥቂት ማፍሰሱ አይቀርም። ቧንቧው በግፊት የተሞላ እንደሆነ ንጹሑ ውኃ ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ቆሻሻው ወደ ውስጥ አይገባም። ውኃው በተቋረጠ ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ባዶው ቧንቧ በዙሪያው ያለውን የረከሰ እርጥበት ይስባል። በፈረቃ የሚታደል ውኃ፣ ምንም እንኳ ከማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ ቢወጣ፣ ያለ ማቋረጥ ከሚፈስ ውኃ ይልቅ ለጤና የሚያሰጋው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ግቢያችን እንግባ። በብዙ ቤቶች ውኃ በሚመጣበት ሌሊት የሚሠራው ነገር ይህ ነው፤ የጎማው አንድ ጫፍ በቧንቧው አፍ ላይ ይታሰራል፤ ሌላው ጫፍ በበርሜሉ ውስጥ እስከ ታች ይነከርና ባለቤቱ ይተኛል። ውኃው ሌሊት በድንገት ሲቋረጥ፣ በተለይም ቤታችን ከፍ ባለ ስፍራ የጎረቤታችን ቤት ደግሞ ዝቅ ባለ ስፍራ የሆነ እንደሆነ፣ ወደ ታች የሚወርደው ውኃ ከኋላው ያለውን ይስባል። የበርሜሉም ውኃ በጎማው ወደ ቧንቧው ተመልሶ ይገባል። በርሜሉ ልብስ የተነከረበት ወይም ልጆች እጃቸውን የሚያጠልቁበት ከሆነ፣ ያ እጣቢ በማግሥቱ የጎረቤት ልጅ የሚጠጣው ውኃ ሆነ ማለት ነው። መድኃኒቱ ግን አንድ ሳንቲም አያስወጣም። የጎማውን ጫፍ ከበርሜሉ አፍ በላይ ቢያንስ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ማሰር ነው። በመካከል አየር ካለ ውኃው ወደ ኋላ የሚመለስበት ድልድይ የለውም። መሐንዲሶች የእጅ መታጠቢያውን መክፈቻ ከገንዳው ጠርዝ ከፍ አድርገው የሚተክሉት ለጌጥ አይደለም፤ ለዚሁ ነው።

ከጎማው የባሰ ሌላ ልማድም አለ፤ ይኸውም በተለምዶ ዲናሞ የሚባለውን የውኃ መሳቢያ በቀጥታ በመንገዱ ቧንቧ ላይ ማያያዝ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው የጎረቤቱን ድርሻ መውሰዱ አንሶ፣ የሠፈሩን ቧንቧ ባዶ በማድረግ ከየስንጥቁ ቆሻሻ እንዲገባ ያደርጋል፤ ያንኑም ቆሻሻ ለራሱ ይጠጣል። መሳቢያ የሚያስፈልገው ሰው ውኃውን አስቀድሞ በገዛ ታንከሩ ተቀብሎ፣ ከዚያ ወደ ፎቁ ይግፋው።

የቤት ውስጥ ቧንቧ ስሕተት ሰው አይገድልም የሚል ቢኖር የቺካጎን ነገር ይስማ። በ1933 በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የዓለም ኤግዚቢሽን ሲደረግ በሁለት ሆቴሎች ያረፉ እንግዶች በአሜባ ተቅማጥ ተያዙ። 1,400 ያህል ሰዎች ታመው 98 ሞቱ። የከተማው ውኃ ንጹሕ ነበር። ምርመራ በተደረገ ጊዜ ጥፋቱ የተገኘው በሆቴሎቹ ግድግዳ ውስጥ ነበር፤ የውኃውና የፍሳሹ ቧንቧዎች ተገናኝተው፣ ያረጀውም የፍሳሽ ቧንቧ በመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያ ላይ ሲንጠባጠብ ተገኘ። ያን ያህል ሰው የታመመው ከቆጣሪው ወዲህ ባለው ቧንቧ ነው።

የቤት ታንከርም የራሱ ሕግ አለው። ክዳኑ በሚገባ የሚገጥም፣ የትርፍ ውኃ መውጫው ትንኝና አይጥ እንዳይገባበት በወንፊት የተሸፈነ፣ የመጠጡም መቅጃ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ የተገጠመ መሆን ይገባዋል፤ ዝቃጩ በታች ይቀራልና። በየስድስት ወሩ ውኃውን አፍስሶ ውስጡን ማጠብ፣ ቀጥሎም ንጹሕ ውኃ ሞልቶ በ1,000 ሊትር አንድ ሊትር ሽታ የሌለው ባለ 5 በመቶ በረኪና መጨመር ያስፈልጋል። በየመክፈቻው ሽታው እስኪመጣ ድረስ ካስወጡ በኋላ መክፈቻዎቹን ዘግቶ ለ24 ሰዓት ማቆየት፣ በመጨረሻም ሁሉን አፍስሶ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ነው። ያ የበረኪና ውኃ ፈጽሞ ለመጠጥም ሆነ ለምግብ አይሆንምና ቤተ ሰብ ሁሉ አስቀድሞ ይነገረው።

ውኃ ገብቶ መውጫም ያስፈልገዋል። በገንዳው ሥር የሚታየው ሲፎን የሚባለው ቅልስልስ ቧንቧ በጉብጠቱ ውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ ይዞ ይቀራል፤ ያችም ጥቂት ውኃ ከፍሳሹ የሚመጣውን ሽታ፣ በረሮና ተሕዋስ የምትከለክል በር ናት። ለብዙ ጊዜ ውኃ ያልፈሰሰበት የወለል መውረጃ ግን ይደርቃል፤ በሩም ተከፈተ ማለት ነው። በ2003 በሆንግ ኮንግ በአንድ የመኖሪያ ሕንጻዎች ሠፈር ሳርስ የተባለው የሳንባ በሽታ ከ300 በላይ ሰዎችን በያዘ ጊዜ፣ ከመተላለፊያዎቹ ዋነኛው ሆኖ የተቈጠረው የደረቀው የወለል ሲፎን ነበር። ስለዚህ በማንጠቀምበት መውረጃ ሁሉ በየሳምንቱ ጥቂት ውኃ ማፍሰስ ትንሽ ሥራ ሆኖ ሳለ ትልቅ ጥበቃ ነው።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፣ «ውኃው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ እየመጣ በርሜል ካልሞላን በምን እንኖራለን? ጥፋቱስ የእኛ ነውን?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በርሜል መሙላት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ጎማውን ነክሮ መተኛት ነው። ደግሞም ይህን ስንል የውኃ አገልግሎቱን ኃላፊነት ለማቅለል አይደለም። ውኃ ሳይቋረጥ እንዲፈስ ማድረግ የምቾት ጉዳይ ሳይሆን የጤና ጉዳይ መሆኑን ከዚህ በላይ አስረድተናል፤ ሕዝቡም ይህን ቢጠይቅ መብቱ ነው። ነገር ግን የጎረቤታችንን ልጅ ከእኛ በርሜል ለመጠበቅ የአዲስ ግድብ መሠራት አያስፈልግም። ኮሌራ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ካለ፣ በ2022 በአገራችን ተነሥቶ ወደ ብዙ ስፍራ የተዛመተው ወረርሽኝ መልሱ ነው።

ባለቤቱ ሊያደርገው የሚገባውን በአጭሩ እንናገር። አንደኛ፣ ውኃ ተቋርጦ ሲመለስ የመጀመሪያውን ውኃ ለመጠጥ አይቅዳ፤ እስኪጠራ ድረስ በባልዲ ተቀብሎ ለጽዳት ያውለው። ሁለተኛ፣ የመጠጥ ውኃውን ከልብስና ከዕቃ ማጠቢያው ለይቶ በተከደነ ዕቃ ያኑር፤ ውኃው ካጠራጠረው ያፍላው። ሦስተኛ፣ አዲስ ቧንቧ ሲያስገባ የውኃውን መስመር ከፍሳሹ አርቆና ከፍ አድርጎ ያስቀብር፤ ሁለቱን በአንድ ቦይ ደራርቦ መቅበር የርካሽ ሠራተኛ ሥራ ነው። አራተኛ፣ ማታ መክፈቻዎችን ሁሉ ዘግቶ ቆጣሪውን ይመልከት፤ መርፌው የሚዞር ከሆነ የተሰወረ ስንጥቅ አለ። በአንድ ሰዓት አንድ ሊትር ብቻ የሚያፈስ ቧንቧ በ30 ቀን 720 ሊትር፣ ይኸውም ባለ 20 ሊትር 36 ጀሪካን ያባክናል። ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳም ውኃ በተቋረጠ ጊዜ ቆሻሻ የሚገባበት ቀዳዳ መሆኑን አይርሳ።

የመጨረሻው ቃላችን ለመምህራን ነው። ተማሪዎች ስለ ሩቅ አገር ወንዞች ርዝመት ተምረው በግቢያቸው ያለው ቧንቧ እንዴት እንደሚሠራ ሳያውቁ መቅረታቸው የሚያሳዝን ነው። ለዚህ ትምህርት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ግንበኞች ደረጃ የሚለኩበት ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ጎማ ቀለም የነካው ውኃ ቢሞላበት፣ ውኃ ደረጃውን እንደሚፈልግ በዓይን ያሳያል። ያው ጎማ በውኃ ተሞልቶ አንዱ ጫፍ ከፍ ባለ ባልዲ ውስጥ ሲነከርና ሌላው ጫፍ ዝቅ ሲል፣ ውኃ እንዴት እንደሚሳብ ያሳያል። ጫፉ ከባልዲው ውኃ ብቅ ሲል ፍሰቱ ወዲያው መቆሙን ያየ ልጅ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ከበርሜሉ ውስጥ ጎማውን እንደሚያወጣ አንጠራጠርም። የቆጣሪውም ቍጥር ጥሩ የሒሳብ ትምህርት ይሆናል።

የቧንቧ ሠራተኛም በሠፈሩ ዘንድ እንደ ተራ አናጢ ብቻ መታየቱ ይቅር። መገጣጠሚያውን በሚገባ ያጠበቀ፣ ሲፎኑን ያልረሳ፣ ሁለቱን መስመሮች ለይቶ የዘረጋ ሠራተኛ ከሐኪሙ ቀድሞ በሽታን የሚከላከል ሰው ነው። ሥራውን የሚያበላሽም እንደዚሁ በሕዝብ ጤና ላይ የሚፈርድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዛሬ ማታ ውኃ ሲመጣ ከመተኛታችን በፊት ጎማው የት እንዳለ እንመልከት።