ሳይጠየቅ የሚቀረው ሕመም፦ ከማረጥ በኋላ የሚከሰት የብልት ድርቀት

ከማረጥ በኋላ የሚከሰተው የሴት ብልት ድርቀት እንደ ዕድሜ ግዴታ መታየቱ ሊያበቃ ይገባል። መነሻው በውል የታወቀ ነው፤ የኢስትሮጅን መጠን ሲቀንስ የብልት ግድግዳ ይሳሳል፣ እርጥበቱ ያንሳል፣ አሲዳማነቱን የሚጠብቁት ላክቶባሲለስ ባክቴሪያዎችም ይመናመናሉ። ለውጡ የሽንት ቧንቧንም ስለሚነካ፣ የዘርፉ የሙያ ማኅበራት በ2014 እ.ኤ.አ. ብልትንና የሽንት ሥርዓትን በአንድነት የሚያመለክት አዲስ ስያሜ ሰጥተውታል።

ስያሜው ለምርመራ ክፍሉ ትርጉም አለው። ሽንት ሲሸኑ ማቃጠልና ቶሎ ቶሎ መሽናት ኢንፌክሽንን ይመስላሉ፤ ታካሚዋ ስለ ድርቀቱ ካልተጠየቀች፣ ሽንቷ ሳይመረመር የማያስፈልጋት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሊታዘዝላት ይችላል። በአማርኛ «ድርቀት» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የሆድ ድርቀት መሆኑ፣ ከእፍረት ጋር ተዳምሮ ችግሩን ይበልጥ ይሸፍነዋል። ድንገተኛው የሙቀት ስሜት በአብዛኛው በጊዜ ሂደት ሲበርድ፣ ድርቀቱ ካልታከመ ይዘልቃል።

ሕክምናው ግን ውስብስብ አይደለም፤ በግንኙነት ጊዜ ማለስለሻ፣ በመደበኛነት እርጥበት ጠባቂ ቅባት፣ ይህ ካልበቃ በብልት ውስጥ የሚደረግ አነስተኛ መጠን ያለው ኢስትሮጅን ነው። ከዚህ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ የጡት ካንሰር ለታመመች ሴት ግን ውሳኔው የካንሰር ሐኪሟን ምክር ይሻል። ከማረጥ በኋላ የሚታይ ደምም በድርቀት ተሳብቦ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባም።

እንግዲህ ቀዳሚው ተግባር የባለሙያው መጠየቅ ነው። የሴት ጤና ጥናትም በመውለጃ ዕድሜ ሊያበቃ አይገባም፤ ሴቶች ይህን ሕመም የሚገልጹባቸውን ቃላት የሚሰበስብ ተመራማሪ ለባለሙያው የሚጠይቅበትን ቋንቋ ይሰጠዋል።