የሕግ ማዕድ፦ ክሱን የት ይዘን እንሂድ?

ገንዘቡን ተከልክሎ የሚንከራተት ሰው ሁሉ ማስረጃ የጎደለው አይደለም። ውሉ ተጽፎ፣ ምስክሮቹ ቆመውለት፣ የሚያንኳኳውን በር በመሳሳቱ ብቻ ዓመት የሚገፋ አለ። በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ ዕዳን እንድንጽፍ ታዘናል። ጽፈን ከያዝን በኋላ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያየው ማወቁ ደግሞ የእኛ ፈንታ ነው።

አንድ የጅማ ነጋዴ ለአዳማ ነጋዴ ማር በዱቤ ሸጠ እንበል። ሽማግሌ ገብቶ ሱልሕ ካልሆነ የት ይክሰሰው? በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 19 መሠረቱን ያስቀምጣል፤ ተከሳሽ የሚኖርበት ወይም ሥራውን የሚሠራበት ቦታ ነው። ስለዚህ አዳማ። ነገር ግን ክርክሩ ከውል የመጣ ሲሆን ቁጥር 24 ውሉ የተደረገበትን ወይም የሚፈጸምበትን ቦታም ይጨምራል። ውሉ ጅማ ተፈርሞ ከሆነ ሰውየው በአገሩ መክሰስ ይችላል ማለት ነው። ውል ስትጽፉ የተፈረመበትን ከተማና ገንዘቡ የሚከፈልበትን ቦታ አትርሱ የምንለው ለዚህ ነው፤ ሁለት መስመር ቀለም ብዙ የመኪና ኪራይ ያድናል። ቤትና መሬትን የሚመለከት ክስ ግን ንብረቱ ባለበት ቦታ ይቀርባል።

አሁን ወደ ገንዘቡ መጠን እንምጣ። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች፣ በአዋጅ ቁጥር 25/1988 ከ500,000 ብር በላይ የሆነ ክስ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ግን እስከ 10 ሚሊዮን ብር ድረስ ያለው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይታያል፤ ከዚያ የሚበልጠው ለከፍተኛው ነው። ክልሎች የየራሳቸው ወሰን ስላላቸው ባለጉዳዩ የክልሉን አዋጅ ይጠይቅ። የሚለካው ከሳሽ በማመልከቻው ላይ በጠየቀው መጠን ነው። አንዳንዱ በቅርብ ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት ለመግባት ሲል የገንዘቡን ከፊል ትቶ ይከሳል፤ የቀረውን በኋላ እጠይቃለሁ ብሎ ያስባል። ቁጥር 216 መተውን ይፈቅዳል፤ ተመልሶ መጠየቅን ግን ይከለክላል። የተተወው ገንዘብ በዚያው ቀረ!

በቦታና በመጠን መካከል ትልቅ ልዩነት አለ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። ተከሳሹ ያለ ቦታው ተከስሶ እንደሆነ ገና በመጀመሪያው መልሱ መቃወም አለበት። ዝም ብሎ ወደ ዋናው ክርክር ከገባ በኋላ «ቦታው አይደለም» ቢል አይሰማም። የገንዘቡ መጠን ወይም የጉዳዩ ዓይነት ከፍርድ ቤቱ ሥልጣን ውጭ ሲሆን ግን የባለጉዳዮች ዝምታ አያድነውም፤ ማንም ባይቃወም እንኳ ዳኛው በማናቸውም ጊዜ መዝገቡን መዝጋት ይችላል። ያለፈው ድካም ሁሉ ባዶ ይሆናል።

ስለ ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም እንጨምር። የፌዴራሎቹን የሚመራው አዋጅ ቁጥር 188/1992 የገንዘብ ወሰን አላበጀም፤ የሚያየው የጉዳዩን ዓይነትና የተከራካሪዎቹን ፈቃድ ነው። ኒካሕ፣ ፍቺ፣ ነፈቃ፣ የልጆች ሞግዚትነት፣ ወቅፍ፣ ስጦታ፣ ውርስና ኑዛዜ እዚያ ይታያሉ። የማር ዕዳው ግን አይገባም፤ ሁለቱም ነጋዴዎች ሙስሊም ቢሆኑም እንኳ። ፈቃድ ከሌለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይዛወራል። አንዴ ፈቅዶ የጀመረ ግን ሲከፋው ልቀይር ማለት አይችልም። መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰውም እንደፈቀደ ተቆጥሮ በሌለበት ይታያል። ስለዚህ የማይፈልግ ወንድም ሆነ እኅት ቤት ከመቀመጥ ይልቅ በቀጠሮው ቀን ቀርቦ አለመፍቀዱን ይናገር።