ገመድ ይስባል እንጂ አይገፋም

ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ የሚጓዝ ሰው፣ ሞተሯ የጠፋባት አንዲት የቤት መኪና ከከባድ መኪና ጋንቾ ጋር በገመድ ታስራ ስትጎተት ሊያይ ይችላል። ጎታቹ አንዳንድ ጊዜ ተሳቢውን ማራገፊያ ላይ ትቶ ራሱን ብቻ የሚመለስ ነው። ባለመኪናውም ሆነ ተመልካቹ በልቡ የሚያሰላው አንድ ነው፤ «አርባ ቶን የሚጎትት ሞተር ለአንዲት የቤት መኪና ምን ይገደዋል?» እኛ ግን ይህ ስሌት ከጅምሩ ዳገትን ብቻ የቆጠረ ነው እንላለን። በላስታ ደግሞ ዳገት ብቻ ያለው መንገድ የለም።

ስለ ዳገቱ ብዙ መናገር አያስፈልግም። 1,500 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ስትወጣ፣ ስበት ወደ ኋላ የሚጎትታት በ1,470 ኒውተን ገደማ ነው። ይህም የአንድ ኩንታል ተኩል እህል ክብደት ያህል መሆኑ ነው። ጋሸና 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ሞተርም በዚያው ልክ ሊደክም ይችላል። ቢሆንም ኩንታል ተኩል ለከባድ መኪና ምንም አይደለም።

ነገሩ የሚለወጠው ቁልቁለቱ ሲጀምር ነው። ገመድ በባሕርዩ የሚያስተላልፈው የመሳብን ኃይል ብቻ ነው፤ አይገፋም፣ አይደግፍምም። ዳገት ላይ ተወጥሮ ይሠራል። ቁልቁለት ላይ ግን ተጎታቿ በራሷ ክብደት ወደ ጎታቿ ስለምትንደረደር ገመዱ ይረግባል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ከባድ መኪናው ከፊቷ የቆመ ግድግዳ እንጂ ረዳቷ አይደለም።

ይህች መኪና በ5 ኪሎ ሜትር ውስጥ 400 ሜትር ቁልቁል ወረደች እንበል። የምትለቀው ጉልበት 5.9 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። በላሊበላ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ መሆኑን ካስታወስን፣ ይህ ጉልበት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ሩቡን የጎማው መንከባለልና አየሩ ይውሰዱት። ሦስት አራተኛው የት ይሄዳል? በገመድ ለታሰረች መኪና መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ራሷ ፍሬን።

ሞተሯ የጠፋ መኪና ፍሬን ደግሞ የወትሮው ፍሬን አይደለም። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች እግራችንን የሚያግዘው መሣሪያ ጉልበቱን የሚያገኘው ሞተሩ አየር ሲስብ ከሚፈጠረው ባዶነት ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ፔዳሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረገጥ እገዛው ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ መኪናዋን የሚይዛት የሹፌሩ ጡንቻ ብቻ ነው። መሪውም ይከብዳል፤ ቁልፉ ከተነቀለማ ጭራሹን ሊቆለፍ ይችላል።

የረገበው ገመድ መልሶ ሲወጠር የሚሆነውንም እናስላ። የሁለቱ መኪኖች የፍጥነት ልዩነት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆን፣ ማለትም ሰው በእግሩ የሚሄደውን ያህል፣ ልዩነቱ የያዘው ጉልበት 1,450 ጁል ገደማ ነው። ማሰሪያው 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚለጠጥ ሰንሰለት ወይም የሽቦ ገመድ ከሆነ አማካይ ኃይሉ 29,000 ኒውተን ይደርሳል፤ የ3 ቶን ክብደት ማለት ነው። 50 ሳንቲ ሜትር የሚለጠጥ የናይለን ገመድ ይህንን ወደ አንድ አሥረኛው ያወርደዋል። ሆኖም የተለጠጠ ናይለን ጉልበቱን በውስጡ ያጠራቅማልና ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ተመልሶ ይመታል። በገመዱ አጠገብ ቆሞ «ሂድ፣ ሂድ» የሚለው ወጣት ይህንን ቢያውቅ ራቅ ይል ነበር።

የብረት ዘንግ መጎተቻ ከገመድ እጅግ ይሻላል፤ ይስባልም፣ ይገፋልም። ነገር ግን የቁልቁለቱን ሸክም ወደ ጎታቹ ፍሬን ያዛውረዋል። ብዙዎችን የሚያስገርመውም እዚህ ላይ ነው፤ ተሳቢውን የፈታ ጎታች በጥሩ ሁኔታ የሚቆም መኪና አይደለም። የአሜሪካ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች መመሪያ፣ እንዲህ ያለው ጎታች ሙሉ ጭነት ከያዘ ባለተሳቢ ይልቅ ለመቆም ረጅም ርቀት እንደሚፈጅ በሙከራ መታየቱን ይገልጻል። «በፊዚክስ ክፍል የቁሱ መጠን ከስሌቱ ይጣፋል ተብለን አልነበረም?» የሚል ተማሪ ጥያቄው ተገቢ ነው። መጠኑ የሚጣፋው ግን ጎማው መሬቱን ሳይለቅ፣ ሳይቆለፍም ሲይዝ ነው። የጎታቹ የኋላ ፍሬንና ባሌስትራ የተሠሩት ከበላያቸው ብዙ ቶን እንዲያርፍባቸው ታስቦ ነው። ያ ክብደት ሲነሣ ጎማው ይነጥራል፣ በቀላሉም ይቆለፋል፤ ኮረኮንችና ኩርባ ላይ ደግሞ የኋላው ክፍል ወደ ጎን መንሸራተት ይጀምራል። በዚህ ላይ ከኋላው 1,500 ኪሎ ግራም ሲገፋው ይታያችሁ።

በአሜሪካ የራሳቸውን የቤት መኪና ከጎታቹ ኋላ አስረው የሚጓዙ የከባድ መኪና ባለቤቶች አሉ። የሚጠቀሙት ግን ገመድ ሳይሆን የብረት ማያያዣ፣ የጥንቃቄ ሰንሰለትና የተጎታቿን የኋላ መብራት የሚያበራ ሽቦ ነው። ከፍ ካለ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠ ሹፌር ከኋላው ያለችውን ትንሽ መኪና አያያትም፤ ጎማዋ ቢፈነዳ እንኳ ሞተሩ ልዩነቱን አይነግረውም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት መኪና ደግሞ ዘይቱን የሚያሠራጨው ፓምፕ በሞተሩ ስለሚሠራ፣ ኃይል ሰጪ ጎማዎቿ መሬት ነክተው ሩቅ ከተጎተተች ካምቢዮዋ ደርቆ ይቃጠላል። የተረፈች የመሰለችው መኪና ጋራዥ ስትደርስ ሌላ ዕዳ ታመጣለች።

ይህ የቁልቁለት ጣጣ ለአካባቢው አዲስ አይደለም። ዓፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ድረስ ፈጅቶባቸዋል። ከዛሬው ጋሸና ብዙም በማይርቀው በቤተ ሖር በኩል አልፈው፣ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆዎች መውረድና መውጣት ነበረባቸው። ታሪኩ ሲነገር የምንሰማው ስለ ሳቢዎቹ ብዛት ነው። በእኛ አስተያየት ግን የሥራው ዋና ክፍል መንገዱ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ በራሳቸው እጅ ጭምር ድንጋይ እያነሡ የሸለቆውን ጥምዝምዝ መንገድ ያስጠረጉት፣ ያንን ብረት ቁልቁል የሚያወርድ ልከኛ ተዳፋት ስለሚያስፈልግ ነው።

እንግዲህ የተበላሸችን መኪና አይተህ እለፍ እያልን ነውን? አይደለም። በዚያ ብርድና በዚያ ርቀት የሚያነሣ መኪና ከወልድያ እስኪመጣ መጠበቅ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ቆሞ የሚረዳ ሹፌርም ክብር ይገባዋል። የምንጠይቀው እርዳታው ከቁልቁለቱ አፋፍ እንዳያልፍ ነው። ዳገቱን ጎትቶ አውጥቶ ደልዳላ ቦታ ላይ ማቆም ይቻላል። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ በሌላ መኪና ላይ ተጭና ትውረድ፤ ይህ ካልተቻለ በብረት ዘንግ፣ ጭነት በያዘና ፍሬኑ በተፈተሸ መኪና፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በቀን ብርሃን ትውረድ። የወልድያና የላሊበላ የሹፌሮች ማኅበራት አንድ አንድ የብረት ዘንግ በጋራ ቢያኖሩ ወጪው የአንድ ጎማ ዋጋ ያህል እንኳ አይሆንም። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎችም ስለ ዳገት አነሣስ የሚያስተምሩትን ያህል ሞተሩ ስለጠፋ መኪና ፍሬን ቢያስተምሩ መልካም ነው። የፊዚክስ መምህራን ደግሞ ስለ ተዳፋት ሲያስተምሩ አይተነው በማናውቀው በረዶ ላይ የሚንሸራተተውን ሳጥን ትተው ይህንን መንገድ ምሳሌ ያድርጉት።

ደልዳላው ቦታ ላይ የቆመችው መኪና ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ ይደረግ፤ ከኋላዋም ለሚመጣው ምልክት ይሁን። መኪናዋ ስትነሣ ግን ድንጋዮቹ ከአስፋልቱ ላይ ይነሡ፤ ሌሊት የሚመጣው አውቶቡስ አያያቸውም።