ስለ ውርስ ሣጥን ማጠፊያና ጌጥ

ከአባት ወደ ልጅ ከሚተላለፈው የቤት ዕቃ ሁሉ እንደ እንጨት ሣጥን ያለ የቤተ ሰብ ምስጢር ጠባቂ የለም። የርስት ወረቀት፥ የጋብቻ ውል፥ የእናት ቀሚስ በእርሱ ውስጥ ይኖራል። ነገር ግን ውርስ በተከፈለ ጊዜ ስለ ሣጥኑ የሚከራከር ብዙ ሲሆን፥ ስለ ማጠፊያው፥ ስለ እጀታውና ስለ ጌጡ የሚያስብ ጥቂት ነው። ክዳኑ የተንጋደደ እንደ ሆነ አሮጌው ነሐስ ተነቅሎ ለቆራሌው በሚዛን ይሸጣል፤ በምትኩም ከሱቅ የመጣ አንጸባራቂ ነገር ይመታበታል። በዚያን ቀን ሣጥኑ የታሪኩን እኩሌታ አጣ ማለት ነው።

ይህም ስለ ምን ነው ቢሉ፥ እንጨት ቀለም ከተቀባ በኋላ ዕድሜውን ይሸሽጋል፤ ብረቱ ግን ይመሰክራል። በእጅ የተቀጠቀጠ ማጠፊያ ውፍረቱ አይተካከልም፤ የመዶሻውም ዱካ ይታይበታል። በነሐስ ምስማር ያጌጡ ሣጥኖች ቀድሞ ከሕንድ ወደቦች፥ ከሱራትና ከቦምቤ፥ በመርከብ ወደ ዐረብ አገርና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይላኩ ስለ ነበር፥ የምስማሩ አደራደር የሣጥኑን አገር ለማወቅ ይረዳል። ራሱ ላይ የመስቀል ቅርጽ የተቀረጸበት ቪቴ ግን የተስፋፋው አሜሪካዊው ሄንሪ ፊሊፕስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ካገኘ ወዲህ ነው፤ ስለዚህ በአያት ሣጥን ላይ ቢገኝ በኋላ የገባ መሆኑን ያስረዳል።

እንግዲህ የተከበራችሁ እመቤቶችና ጌቶች፥ አናጢ ከመጥራታችሁ በፊት ማጠፊያው በውኑ መለወጥ የሚያስፈልገው መሆኑን መርምሩ። እንጨት በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚላላው ቀዳዳው ነው እንጂ ማጠፊያው አልተበላሸም። ከዚያው ከዋንዛው ዓይነት ቀጭን ሽብልቅ አስጠርቦ በኮላ ቀዳዳውን መድፈን፥ ከደረቀም በኋላ በጠባቡ ቀድቶ አሮጌውን ማጠፊያ መመለስ ይበቃል።

መለወጥ ግድ ከሆነ አሮጌውን ይዞ ወደ ገበያ መሄድ ይገባል እንጂ በዓይን ግምት መግዛት አይገባም። ከአንዱ ቀዳዳ መካከል እስከ ሌላው ቀዳዳ መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። የዛሬ ፋብሪካ እጀታዎች አብዛኛውን ጊዜ 64፥ 96 ወይም 128 ሚሊሜትር ናቸው፤ የጥንቱ ግን ይህን ልክ አይከተልም። ልኩ ያልገጠመ እንደ ሆነ አዲስ ቀዳዳ ይበሳል፥ አሮጌውም ክፍት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የቀድሞውን ዱካ የሚሸፍን ሰፊ ሰሌዳ ያለውን መምረጥ ይሻላል።

ስለ ማዕድኑም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቢጫው ነሐስ መዳብና ዚንክ ተቀላቅለው የተሠራ ነው፤ በገበያ ግን ነሐስ የተቀባ ብረት በነሐስ ስም ይሸጣል። ማግኔት አስጠጉበት፤ ከያዘው ውስጡ ብረት ነው። ታኒን የሚባለው ቆዳ ማልፊያ ቅመም የሚበዛበት እንጨት እርጥበት ሲያገኝ፥ ብረት በነካው ስፍራ ይጠቁራል፤ ይህም ጥቁረት በቀላሉ አይለቅም።

ነሐሱን የሚይዘው ቪቴም ነሐስ ይሁን፤ ሁለት ልዩ ልዩ ማዕድናት በእርጥበት ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይበላዋልና። የነሐስ ቪቴ ለስላሳ ስለ ሆነ ቶሎ ይሰበራል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በልኩ የሆነ የብረት ቪቴ አስገብቶ መንገዱን ማስከፈት፥ ያንንም አውጥቶ የነሐሱን ሰም ቀብቶ በእጅ በዝግታ ማስገባት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለ፥ በዚህ ሥራ ጥድፊያ አይበጅም።

የጠቆረውንም ነሐስ ወርቅ ይምሰል ብሎ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ከቶ አይገባም። ያ ጥቁረት የዘመን ልብስ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተገፈፈ የሚመልሰው ሌላ ዘመን ብቻ ነው። በለስላሳ ጨርቅ አቧራውን መጥረግ ይበቃዋል።

በመጨረሻም የተነቀለውን አሮጌ ጌጥ አትጣሉ። በጨርቅ ጠቅልላችሁ፥ የተነቀለበትን ቀንና የነበረበትን ስፍራ በወረቀት ጽፋችሁ፥ በዚያው ሣጥን ውስጥ አኑሩት። ነገ የሚወርሰው ልጅ አዲሱ ባይወደድለት አሮጌውን መልሶ ይመታዋል፤ የጣላችሁት እንደ ሆነ ግን ምርጫውን ራሱን ነፈጋችሁት።